ስድሳ ላይ የታሰረው መኪና

መቶ አለቃ መርዳሳ ከዴራ ወደ መልካሳ በሚወርደው ቁልቁለት ግርጌ ሲደርስ፣ ሬሳው ከጋቢናው ወጥቶ ከፈሰሰው ስንዴ አጠገብ በሸራ ተሸፍኖ ነበር። ከባዱ መኪና መንገዱን ስቶ፣ የሰኔ ዝናብ ያጨቀየው ቦይ ውስጥ በአፍንጫው ተተክሏል። ሞተሩን ጭቃ ውጦታል። ዳር ቆመው የሚያዩት ገበሬዎች ግማሽ ሐዘናቸው ለሰውዬው፣ ግማሹ ለስንዴው ነበር። መርዳሳ ይህ አልጠፋውም፤ አልፈረደባቸውምም።

ሟቹ ጎበና ይባላል። ናዝሬት ውስጥ ያለ የመንግሥት ጭነት ድርጅት ሹፌር ነበር። ነዳጅ በመቆጠብ «ኮከብ ሠራተኛ» ተብሎ ፎቶግራፉ የጋራዡ በር ላይ ተሰቅሏል። የጋራዡ ኃላፊና የድርጅቱ ካድሬ ጓድ አሳምነው ከፖሊስ ቀድሞ ደርሶ፣ ካኪ ሱሪውን ጭቃ እንዳይነካው ድንጋይ እየመረጠ ይረግጣል።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ ብዙ አትድከም» አለው። «የፍጥነት መለኪያውን እየው። ቀስቷ ዘጠና ላይ ደርቃለች። የኛ መኪኖች ደግሞ በመመሪያ ስድሳ ላይ የታሰሩ ናቸው። ስድሳ ላይ የታሰረ መኪና ዘጠና እንዴት ይሮጣል?»

«አንተው ንገረኛ።»

«ማሰሪያው ተቆርጧል። ማን እንደቆረጠው መኪናው ከጭቃው ሲወጣ እናያለን።»

«ሳይወጣ እንዴት አወቅህ?»

አሳምነው ፈገግ አለ። «ንቃት ይባላል።»

መርዳሳ በዚህ ቃል ስንት ሰው እንዳለቀ ያውቃል። አንገቱን በተሰበረው መስኮት አስገብቶ ጋቢናውን አየ። የማርሹን ዘንግ በጣቱ ገፋ ሲያደርገው ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘ፤ የትኛውም ማርሽ ውስጥ አልነበረም። አንገቱን መልሶ አወጣ።

የጎበና ረዳት ቀነዓ ከመንገዱ ዳር ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። አምሳ ሊሞላው ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ረዳት እንደሆነ፣ መንጃ ፈቃድ ሳያወጣ ፀጉሩ ሸብቷል። መዳፎቹ ተገሽልጠው ደም ቋጥረዋል።

«ምን ሆናችሁ፣ ጋሽ ቀነዓ?»

«ፍሬን እምቢ አለው። ‹ዝለል!› አለኝ። ከሁለተኛው ኩርባ በታች ዘለልኩ። ከዚያ ድምፁን ነው የሰማሁት።»

«መኪናው ያኔ እየበረረ ነበር?»

«እንደ ንፋስ።»

መርዳሳ የሰውየውን መዳፍ፣ ቀጥሎም የሱሪውን ጉልበት አየ። ሱሪው አርጅቷል እንጂ አልተቀደደም። ሰው ከሚበር መኪና ሲዘል እጁ ብቻ ተልጦ ጉልበቱ ይተርፋል ወይ ብሎ ራሱን ጠየቀና ለጊዜው ተወው።

በማግስቱ ጠዋት መኪናው ተጎትቶ ጋራዡ ግቢ ገብቶ ነበር። ግቢው ሌሊቱን ተቆልፎ አድሯል፤ ቁልፉ ያለው አሳምነው ኪስ ውስጥ ነው። ኃላፊው መርዳሳን እየመራ ወደ ሞተሩ ወሰደው።

«ይኸውልህ፤ አላልኩህም?»

በዚያ ዓመት የነዳጅ እጥረት ብሶ ስለነበር በድርጅቱ መኪኖች ሁሉ ላይ ፍጥነት እንዲገደብ ታዝዟል። ገቨርነር የሚሉት ዕቃ ከናፍታ ፖምፓው ጀርባ ይቀመጣል። ሞተሩ ከተፈቀደለት በላይ ልሩጥ ሲል፣ ገቨርነሩ ውስጥ የሚሽከረከሩት ትንንሽ ክብደቶች ወደ ውጭ ተወርውረው ይከፈቱና ናፍታውን ይቀንሱበታል። ያኔ ሹፌሩ ፔዳሉን ወለል ድረስ ቢረግጠው ሞተሩ አይሰማውም። ልኩ በአንድ ቡሎን ይስተካከላል። ማንም እንዳይነካው ቡሎኑ በሽቦ ታስሮ፣ ሽቦው በእርሳስ ይታተማል። አሁን ያ ሽቦ ተቆርጦ እርሳሱ ተንጠልጥሏል።

«የሚያስረውም የሚፈታውም አንድ ሰው ነው» አለ አሳምነው። «የፖምፓ መካኒኩ ኢተፋ። ትናንት ማታ አስይዤዋለሁ። የኢኮኖሚ አሻጥር ነው፤ ነገ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ ይላካል።»

በዚህ ክስ ወደ አዲስ አበባ ተልኮ የተመለሰ ሰው መርዳሳ አያውቅም። ጎንበስ ብሎ ሽቦውን አየ። የቦዩ ጭቃ ፖምፓውን፣ ቡሎኑንና ሽቦውን አንድ ላይ ልብስ አልብሷቸው ደርቋል። የተቆረጡት ሁለት ጫፎች ግን ጭቃ አልነካቸውም፤ ያብለጨልጫሉ። ቡሎኑ ራስ ላይ ያለው የካቻቢቴ ቦይ በአሮጌ ዘይትና አቧራ እንደተደፈነ ነው። ሽቦውን የቆረጠ ሰው ቡሎኑን አንድ ጊዜ እንኳ አላዞረውም።

ከዚያ መኪናው ሥር ገባ። ፍሬኑ የሚሠራበትን ንፋስ የሚያጠራቅመው በርሜል አልተጎዳም። ከሥሩ ግን ውኃ የሚፈስበት ትንሿ ቧንቧ በስሱ ላላ ብላ ነበር። ይህችን ቧንቧ ጠዋት ጠዋት ከፍቶ ውኃውን አፍስሶ መዝጋት የረዳት ሥራ ነው። መርዳሳ እጁን ጠራርጎ ተነሣ፤ ፊቱ ጠቁሮ ነበር።

ኢተፋን እስር ቤት ግድግዳ ተደግፎ አገኘው። ሠላሳ ዓመት አልሞላውም። ወንጌላዊ ነው፤ ሰፈሩ «ጴንጤ» እያለ የሚሸሸው፣ ቤተ ክርስቲያናቸው የታሸገባቸው ሰዎች ወገን።

«ሽቦውን ቆርጠሃል?»

«አልቆረጥኩም፣ ጌታዬ።»

«አሳምነው ምን በድለኸው ነው?»

«ሃይማኖትህን በስብሰባ ፊት ካድ አለኝ። አልካድኩም። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ይጠብቅብኝ ነበር።» ቀጥሎ «ሚስቴ እርጉዝ ናት፤ ምን አሏት?» ብሎ ጠየቀ።

መርዳሳ «አይዞህ» ብሎት ወጣ። ባዶ እጁን አይዞህ ማለቱ ለራሱም አስጠላው።

ከጋራዡ ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት የድርጅቱን ሹፌር ሐዲስን አገኘው። ሐዲስ ምላሱ ስል ነው፤ የጎበና መሸለም እንደሚያንገበግበው ከተማው ያውቃል።

«ጎበና ያን ሁሉ ነዳጅ እንዴት ነበር የሚቆጥበው?» አለ መርዳሳ።

«እንጃ። መኪናውን ጾም አስለምዶት ይሆናላ።»

«እኔ ኦጋዴን ዘምቼ ጥይት ጭኜ ነድቻለሁ። ቁልቁለት ላይ ማርሹን ለቅቄ፣ እናንተ ፎሌ የምትሉትን አድርጌ ወርጃለሁ። አንተስ?»

«ፎሌ ያደረገ ሹፌር መንጃ ፈቃዱን ይነጠቃል» አለ ሐዲስ፣ ዓይኑን ብርጭቆው ላይ ተክሎ።

«ስለ መንጃ ፈቃድህ አልጠየቅሁህም።»

ሐዲስ ዞር ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሁላችንም ነን። ሜዳውን ስድሳ ላይ አስረው፣ ዳገቱን በእንፉቅቅ አስወጥተው ‹ምልልስህን ጨርስ› ይሉናል። ከየት እናምጣው? ቁልቁለት ስናገኝ እንለቀዋለን። ጎበናማ ከዴራ እንደወጣ ነበር የሚለቀው፤ እስከ መልካሳ ሞተሩ ናፍታ አይቀምስም። ይኸው ነው ኮከብነቱ።»

«ይህን ብትናገር ኢተፋ ይድን ነበር።»

«ልጆች አሉኝ፣ መቶ አለቃ።»

«ለኢተፋም ሊወለድለት ነው።»

ሐዲስ ሻዩን ፉት አለ። መርዳሳ ሊቆጣው ፈልጎ፣ እሱም በዚያ ዘመን ስንት ጊዜ ዝም እንዳለ ትዝ ሲለው ሒሳቡን ከፍሎ ወጣ።

የቀነዓ ቤት ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ነው። ቀነዓ አልነበረም። ሚስቱ ሻሼ ደረቷን ታማ ተኝታ ነበር፤ እንግዳ ስታይ ግን ካልተነሣሁ አለች።

«አካም ጅርቱ?» ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለችው። «ይግቡ፣ ይግቡ!»

«ነጋ፣ ደኅና ነኝ፣ ወይዘሮ ሻሼ። ኧረ አይነሡ።»

አልሰማችውም። እያሳላት ምጣድ ጣደች። ከጥግ ካስቀመጠችው፣ ጭድ ከተጎዘጎዘበት ቅርጫት እንቁላል አወጣች። መርዳሳ ዓይኑ እዚያ ቅርጫት ላይ ቀረ።

«ከየት ነው?»

«ቀነዓ ከኢተያ ገበያ አምጥቶልኝ ነው። ሐኪሙ እንቁላል ብዪ ብሎኛል። ያ ሁሉ መዓት በወረደበት ቀን እንኳ አልረሳኝም። እግዜር ይስጠው፣ አንድም አልተሰበረ!»

ግድግዳው ላይ የአንዲት ልጅ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ የተማሪ ልብስ ለብሳ፣ ለመሳቅ ከንፈሯ ተከፍቶ።

«ልጃችን ጫልቱ ናት» አለች ሻሼ ሳትጠየቅ። «ሻሸመኔ አክስቷ ጋ ሆና ስትማር በዚያ በቀይ ሽብር ወሰዷት። ሬሳዋን አልሰጡንም።»

መርዳሳ እንቁላሉን በላ። እምቢ ቢል ታዝናለች። ከዚያ ቤት ሲወጣ፣ እንቁላሉን ባላየሁ ብሎ ከልቡ ተመኘ።

ሌላ መውጫ ፈለገ። ወደ አሳምነው ሄዶ፣ ጎበና ፎሌ እያደረገ እንደወረደና ነገሩ በአደጋ ሊዘጋ እንደሚችል ነገረው። አሳምነው እስኪጨርስ እንኳ አልታገሠውም።

«ጎበና ኮከብ ሠራተኛ ነው። ኮከብ ሠራተኛ ፎሌ አያደርግም። ኢተፋ ካልገደለው ሌላ ገዳይ አምጣ፤ አለዚያ ነገ ይሄዳል።»

እንግዲህ መርዳሳ ፊት ሁለት ሰዎች ቆሙ፤ አንዱን ለማዳን ሌላውን መስጠት አለበት። አንደኛው ምንም አላደረገም። ሁለተኛው አድርጓል። ሕጉ ቀላል ነበር። ልቡ ግን እንደ ሕጉ አልቀለለውም።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም ጋራዡ ግቢ ሰበሰባቸው። አሳምነው ወንበር አስመጥቶ ተቀመጠ። ሐዲስ ከሹፌሮቹ መሐል ቆመ። ቀነዓ ከወደቀው መኪና አጠገብ፣ ኢተፋ ደግሞ እጁ በካቴና ታስሮ በሁለት ፖሊሶች መካከል ነበሩ።

«ከሽቦው ልጀምር» አለ መርዳሳ። «ጭቃው ሽቦውን ለብሶ ደርቋል፤ የተቆረጠው ጫፍ ግን ንጹሕ ነው። ስለዚህ ሽቦው የተቆረጠው መኪናው ቦይ ውስጥ ከወደቀ፣ ጭቃውም ከደረቀ በኋላ ነው። ጭቃው የደረቀው እዚህ ግቢ ውስጥ ነው። ያን ሌሊት ኢተፋ ታስሮ ነበር። የግቢው ቁልፍ ደግሞ አንድ ብቻ ነው።»

ሠራተኞቹ ሁሉ መሬት መሬት አዩ። አሳምነው እግሩን በእግሩ ላይ ደረበ።

«ጭቃ ይመስክርብኝ ነው የምትለው?» ብሎ ሳቀ። «እሺ። ዘጠናውስ?»

«ገቨርነር የሚይዘው ሞተሩን ነው። መኪናው ማርሽ ውስጥ እስካለ፣ ቁልቁለት ላይም ቢሆን ሞተሩ ጎማውን ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ማርሹ ሲለቀቅ ግን ጎማውና ሞተሩ ይፋታሉ። ሞተሩ ቀስ ብሎ ያንኮራፋል፤ ገቨርነሩም የሚገድበው ነገር የለውም። መኪናውን የሚነዳው ጭነቱ ነው፤ ዘጠና ቀርቶ መቶም ይሮጣል። የማርሹ ዘንግ ባዶ ቦታ ላይ ነበር። ጎበና ፎሌ ላይ ነበር።»

«ፎሌ የሚያደርግ ሰው ሁሉ አይሞትም» አለ ሐዲስ፤ ካለ በኋላ ደነገጠ።

«አይሞትም፣ ፍሬኑ ከሠራ። ና እስቲ፣ የራስህን መኪና አስነሣ።»

የሐዲስ መኪና ከጎበናው ጋር አንድ ዓይነት ነበር። መርዳሳ ከሥሩ ገብቶ የንፋስ በርሜሉን ቧንቧ በስሱ አላላው። ሐዲስ ነዳጅ ሰጥቶ ሞተሩን ሲያስጮኸው፣ የንፋሱ መለኪያ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። «አሁን ነዳጁን ተው፤ ፍሬኑን ደጋግመህ እርገጥ» አለው። ሞተሩ ሲያንኮራፋ ቀስቷ በእያንዳንዱ እርግጫ ወረደች፣ ወረደች፣ ከታች ደርሳ ቀረች። ሐዲስ ፔዳሉን ረግጦ «ባዶ ነው» አለ። ላብ አጥምቆት ነበር።

«ንፋሱን የሚሞላው ሞተሩ ነው» አለ መርዳሳ። «ሞተሩ በደንብ ሲሠራ የሚፈሰውን ይተካል፤ ሲያንኮራፋ አይደርስበትም። ቧንቧዋን እንዲህ ያላላ ሰው በማርሽ የሚወርድ ሹፌር አይገድልም። ፎሌ የሚያደርገውን ግን ይገድላል። ፍሬኑ ባዶ መሆኑን ሲያውቅ መኪናው ፈጥኗል፤ ማርሹም አይገባለትም። እንግዲህ ይህን ያደረገው ጎበና ከዴራ እንደወጣ ማርሹን እንደሚለቅ የሚያውቅ፣ ቧንቧዋንም በየጠዋቱ የሚነካ ሰው ነው።»

ሁሉም ዞረው ቀነዓን አዩት። ቀነዓ ዓይኑን ከመርዳሳ አልነቀለም።

«ጋሽ ቀነዓ፣ ከሚበረው መኪና ዘለልኩ ብለውኛል። ጉልበትዎ ግን አልተነካም። ከኢተያ የገዙትን አንድ ቅርጫት እንቁላል ደግሞ አንድም ሳይሰበር ቤትዎ አስገብተዋል። እንቁላል ይዞ ከዚያ መኪና የሚዘል ሰው የለም። እርስዎ ዴራ ላይ፣ መኪናው ቆሞ ሳለ ነው የወረዱት።»

«እኮ!» አለ አሳምነው ከወንበሩ ተነሥቶ።

«አዎ፣ ዴራ ላይ ነው የወረድኩት» አለ ቀነዓ። ድምፁ የደከመው ሰው ድምፅ ነበር። «ሆዴን አመመኝ፣ በሌላ መኪና እመጣለሁ አልኩት። እሱ ሻይ ሲጠጣ ቧንቧዋን አላላሁ። መዳፌን ኋላ በድንጋይ ነው የላጥኩት።»

«ለምን?» አለ መርዳሳ፣ መልሱን ፈርቶ።

«ኢተያ እንቁላሉን ስገዛ ምንም አልነበረብኝም። መንገድ ከጀመርን በኋላ ጎበና ጨዋታ አመጣ። በቀይ ሽብር ጊዜ ሻሸመኔ ሳለ፣ ሌሊት ሌሊት ሰዎቹን የሚጭነውን መኪና ይነዳ ነበር። ‹አንዲት ልጅ ጫማዋን አውልቃ ሰጠችኝ› አለ። ‹አባቴ የመኪና ረዳት ነው፤ አንተም ሹፌር ነህ፤ አንድ ቀን መንገድ ላይ ትገናኛላችሁ፣ ያኔ ስጥልኝ አለችኝ። ስንት ሺ ረዳት ባለበት አገር! ሸጬ ጠጣሁበት።› ይህን ብሎ ሳቀ። ነጭ ሸራ ጫማ፣ አንዱ ክር ነጭ፣ አንዱ ቀይ።» ቀነዓ ትንፋሹን ሰበሰበ። «ክሯ ሲጠፋባት ቀዩን ያሰርኩላት እኔ ነኝ።»

ሐዲስ ሞተሩን አጠፋ።

«ኢተፋ ሲያዝ ግን ምንም አላልክም» አለ አሳምነው፣ ፍርድ ለመስጠት ሥልጣን ያለው ይመስል።

«ሻሼ ታማለች» አለ ቀነዓ። «እስክትነሣ ልቆይ ብዬ ነው። ኢተፋ፣ ይቅር በለኝ።»

ኢተፋ በታሰረ እጁ እንባውን ጠረገ። «ይቅር ብዬሃለሁ፣ ጋሼ።»

«ካቴናውን ፍቱለት» ብሎ መርዳሳ ፖሊሶቹን አዘዘ። የኢተፋ አንድ እጅ እንደተፈታ አሳምነው መዳፉን አነሣ።

«ቆይ። ሽቦውን አልቆረጠም፤ ተቀብያለሁ። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ባለፈው እሑድ ቤትህ ተሰብስበው የነበሩት ሰዎች ምን ይሠሩ ነበር?»

«ጎረቤት ናቸው፤ ሻይ ጠጥተው ይሆናላ» አለ መርዳሳ ፈጠን ብሎ። ወደ ኢተፋ ዞሮ በዓይኑ ለመነው። አንዲት ቃል ብቻ ነበረች። በዚያች ቃል ቤቱ ይገባል፤ ሚስቱ ትወልዳለች፤ መርዳሳም ያደረገውን ያደረገበት ምክንያት ይኖረዋል። «ሻይ ነው አይደል፣ ልጄ?»

ኢተፋ መርዳሳን በፍቅር አየው።

«ሻይም ጠጥተናል» አለ። «የተሰበሰብነው ግን ለጸሎት ነው።»

አሳምነው «ውሰዱት» ብሎ ለፖሊሶቹ ራሱን ነቀነቀላቸው። ሌላ ካቴና ስላልነበራቸው የኢተፋን ግራ እጅ ከቀነዓ ቀኝ እጅ ጋር ቆለፉት። ቀነዓ የፖሊሶቹ ላንድሮቨር ላይ መውጣት ሲያቅተው ኢተፋ ደግፎ አወጣው። በሩ ከመዘጋቱ በፊት ቀነዓ ወደ መርዳሳ ዞረ። ቁጣ አልነበረበትም፤ እውነቱን ማወቅ የፈለገ ሰው ይመስል ነበር።

«መቶ አለቃ፣ እኔን ሰጥተው ማንን አወጡ?»

ላንድሮቨሩ ሄደ። አሳምነው ወንበሩን አስነሥቶ ሠራተኞቹን ወደ ሥራችሁ አላቸው፤ እነሱም ገቡ። ለሻሼ የሚነግራት ሰው ያስፈልግ ነበር። እሄዳለሁ የሚል ስለጠፋ መርዳሳ ራሱ ሄደ።